ያልተቀበለችው ቼክ

ቬርና ክራትዘር ማስታወቂያውን ያየችው ማክሰኞ ጠዋት በፖስታ ቤቱ በር መስታወት ላይ ተለጥፎ ነው። ቢጫ ወረቀት ነው። መሃሉ ላይ የእሷ ፎቶ አለ፤ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የተነሣችው፣ የቅየሳ ዘንጓን በትከሻዋ አጋድማ የምትስቅበት። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ለቬርና እንድረስላት። ዶሮ በመረቅ፣ የተፈጨ ድንች፣ ፓይ። አዋቂ 12 ዶላር፣ ሕፃን 6። የአደን ጠመንጃ ዕጣ አለ። ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ፣ በእሳት አደጋ ማኅበሩ አዳራሽ።»

ማንም አልጠየቃትም። ካርታ እንደምታርም ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ስህተት አላገኘችበትም። ወደ ፒክአፗ ተመልሳ ሁለት እጆቿን መሪው ላይ አሳረፈችና ማስላት ጀመረች።

ሃያ ስድስት ዓመት መሬት ቀያሽ ነበረች። በሰሜን ፔንሲልቬኒያ በዚያ ሸለቆ ውስጥ እግሯ ያልረገጠው የወሰን ድንጋይ የለም። የዛሬ ሰባት ዓመት ሰኔ ላይ፣ ከአንድ ጥድ ሥር ድንጋይ ስትፈልግ ውላ፣ ከግራ ጉልበቷ ጀርባ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል መዥገር ነቀለች። በመስክ ደብተሯም እንደማንኛውም ነገር መዘገበችው፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ «ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ» ብላ። የጤና ጣቢያው ሐኪም «ቆዳሽ ካልቀላ አያሳስብም» አላት። የበረዶው ወራት ሳይገባ ጉልበቷ አበጠ፤ በዓመቱ እግሯ ደነዘዘ፤ በሁለተኛው ዓመት የቅየሳ መሣሪያውን ብሎን ማጥበቅ አቃታት። «ላይም የሚባለው የመዥገር በሽታ ነው» ያላት ሐኪም የተገኘው የሦስት ሰዓት መንገድ ነድታ ነው። እሱም ኢንሹራንስ አይቀበልም፤ ጥሬ ገንዘብ ብቻ፣ በአንድ ቀጠሮ አራት መቶ ሃምሳ ዶላር። ኢንሹራንሷ ደግሞ «በመዥገር የመጣ ሕመም በአንድ ወር መድኃኒት ይድናል፤ ከዚያ በኋላ ላለው ስም የለንም» ብሎ ጻፈላት። ስም የሌለውን ሕመም ከኪሷ አስታመመችው። የጡረታ ቁጠባዋ ሄደ፤ ቢሮዋ ሄደ፤ በአሥራ አራት ሺህ የገዛችውን መሣሪያ ለአንድ ጀማሪ ቀያሽ በሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰጠችው። ልጁ አንድ መቶውን ሊያስቀንሳት ግማሽ ሰዓት ተከራክሯት ነበር።

መጨረሻ ላይ በእጇ ምንም ሲጠፋ መንግሥት ለድሃ የሚሰጠውን የሕክምና ካርድ አገኘች። አንዲት ነርስ በቅጹ ላይ «ላይም» የሚለውን ሰርዛ «የነርቭ ጉዳት» ብላ ጻፈችላትና በየወሩ በደም ሥሯ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ተፈቀደላት። ዋጋው በወር ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ዶላር ነው። ካርዱ ይከፍላል፤ እጇ ይሠራል። ነገሩ ይኸው ነው። ካርዱ ያለው ሰው ግን ከሚኖርበት ቤትና ከመኪናው በቀር በስሙ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ሊኖረው አይፈቀድም። ያን ቀን ጠዋት በቬርና ስም ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ዶላር ነበር።

የበጎ ፈቃደኞቹ የእሳት አደጋ ማኅበር ለተቸገረ ሰው የሚደግሰው እራት ደግሞ ከአምስት ሺህ በታች አስገብቶ አያውቅም።

ወንድሟን ዶይልን ያገኘችው አዳራሹ ጓሮ፣ የእሳት አደጋ መኪናውን ሲያጥብ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። በሦስት ዓመት ታናሿ ቢሆንም ከልጅነቱ ጀምሮ ታላቅ ነኝ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።

«አየሽው?» አላት ቱቦውን ሳይዘጋ።

«አየሁት። ሰርዘው።»

«ሁለት መቶ ስድሳ ቲኬት ተሽጧል እህቴ። ዶሮውም ታዟል።»

«ዶይል፣ ያ ገንዘብ በስሜ ከገባ ካርዴ ይሰረዛል። አምስት ሺህ ዶላር ሰጥታችሁኝ በየወሩ ሰባት ሺህ ልታሳጡኝ ነው። ወይ ለሐኪሙ በቀጥታ ክፈሉት፣ ወይ በአንተ ስም አድርጉት።»

ቱቦውን ዘጋ። «ለዚያ ሐኪም? ሰው የሚለውን ታውቂያለሽ? 'ያ ሰውዬ ከመዥገሩ ይብሳል፤ መዥገር እንኳን ሲጠግብ ይወድቃል' ነው የሚሉት። ማን ለእሱ ብሎ ቲኬት ይገዛል? በእኔ ስም ይሁን ካልሽ ደግሞ ሊቀ መንበሩ እራት ደግሶ ለራሱ ቼክ ጻፈ ሊባል ነው።»

«እንግዲያስ ምን ይሻላል?»

«ምን ይሻላል ትለኛለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ አንቺ ነው የምጠየቀው። 'እህትህ እውነት ታማለች? ትናንት መኪና ስትነዳ አየናት፣ ስትስቅ አየናት፣ አንተስ ምን አደረግክላት?' አሁን አደረግኩ። መጥተሽ ብዪ፣ አመስግኚ፣ ተቀበዪ።» የሚያጥብበትን ጨርቅ ጨመቀው። «ቼክ በማን ስም ይጻፍ የሚለው ደግሞ የእኔ ጉዳይ አይደለም። ሌሮይን ጠይቂ።»

ሌሮይ ቢክስለር ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ። ከእሱ በፊት የነበረው ገንዘብ ያዥ፣ ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች የተዋጣውን በጆንያ ይዞ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሌሮይ ደንብ አወጣ፤ አራት አንቀጽ፣ አንድ ገጽ፣ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለ። የተሰበሰበው ገንዘብ በዚያው ቀን በሕዝብ ፊት እስከ ሳንቲሙ ይነበባል። ቼኩ በተረጂው ስም ብቻ ይጻፋል። ተረጂው በአካል ተገኝቶ ይቀበላል፤ ካልመጣ በፖስታ ይላክለታል። በልማድም ውጤቱ በሳምንታዊው ጋዜጣ ከነፎቶው ይወጣል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ዶላር ጠፍቶ አያውቅም።

በረንዳው ላይ ተቀምጦ ፖም ይልጣል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማት፤ ልጣጩም ሳይበጠስ አለቀ።

«ገባኝ» አለ። «ግን አይሆንም።»

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ያ ሌባም ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።» በቢላው ጫፍ ከአጥሩ ማዶ አመለከተ። ከጎረቤቱ የጠጠር መንገድ ዳር አንድ ጉቶ አለ። «ያቺን ታውቂያታለሽ?»

ታውቃታለች። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት የሁለቱን ጎረቤታሞች ወሰን የለካችው እሷ ናት። ድሮ ድንጋዩን የተከለው ሰው ተሳስቶ ነበር፤ አራት እርምጃ ያህል ወደ ሌሮይ ገፍቶታል። በቅየሳ ሕግ ግን መጀመሪያ የተተከለ ድንጋይ በስህተት ቢተከልም ወሰኑ እሱ ነው። አራቱ እርምጃ፣ የሌሮይ አባት የተከላት የፖም ዛፍ ያለችበት፣ ለጎረቤቱ ሆነ። ጎረቤቱም በሳምንቱ ዛፏን ቆርጦ መንገድ አወጣበት።

«ለምኜሽ ነበር።»

«ለምነውኛል።»

«አልቅሻለሁም። ምን ነበር ያልሽኝ?»

ቬርና ጉቶውን እያየች መለሰች። «የሚያለቅስ ሰው ድንጋይ አያነቃንቅም አልኩዎት።»

ሌሮይ ሳቀ፤ ሳቁ ቂም አልነበረውም፣ እሷን የከበዳትም ይኸው ነው። «ልክ ነበርሽ። ሦስት ዓመት ጠላሁሽ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳስበው ልክ ነበርሽ። ያንን ደንብ ስጽፍ በልቤ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ለአንዱ ካነቃነቅኩት ለሁሉም ተነቃነቀ።» ፖሙን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጣት። «አንቀጽ አራትን ግን አንብበሻል? ተረጂው በሕዝብ ፊት አልቀበልም ካለ ገንዘቡ ለማኅበሩ ዕቃ መግዣ ይሆናል። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው አልገጠመኝም።»

ፖሙ ጎምዛዛ ነበር። ሁሉንም በላችው።

ከመተኛቷ በፊት ነገሩን ቆረጠች፤ ትሄዳለች፣ ቼኩን በሕዝብ ፊት አልቀበልም ትላለች፣ ካርዱ ይተርፋል። አገር ይቀየማታል። መቀየም እጅ አያደነዝዝም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የወረዳው የእርዳታ ቢሮ ውስጥ የእሷን ፋይል የምትይዘው ሮበርታ ስታል ናት፤ አብረው የተማሩ፣ በአንድ አውቶቡስ ያደጉ። እሷን መጠየቅ ትችል ነበር። ነገር ግን አምና ይህችኑ ሮበርታን «የማገዶ እንጨት ብሸጥ ይቆጠርብኛል?» ብላ በጠየቀቻት ማግሥት ፋይሉ ላይ «በማጣራት ላይ» ተጻፈበት፤ ሁለት ወር ካርዱ ታገደ፤ መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ አለፋት፤ በሰባተኛው ሳምንት የፈላ ውሃ ጭኗ ላይ ደፋች። እንጨቱንም አልሸጠችም። እዚያ ቢሮ መጠየቅ በራሱ መልስ ነው። ስለዚህ አልጠየቀችም፤ ስልሳ አራት ገጽ ያለውን የካርዱን መመሪያ አውጥታ በማስመሪያ ጫፍ እየተከተለች መስመር በመስመር አነበበች። የተቀበሉት ገንዘብ ይቆጠራል ይላል፤ በስድስት ቦታ። ስላልተቀበሉት ገንዘብ አንድም ቃል የለም።

በካርታ ላይ ባዶ ቦታ ማለት አልተለካም ማለት እንጂ ምንም የለበትም ማለት እንዳልሆነ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለረዳቶቿ ስትናገር ኖራለች።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ሦስት መቶ አሥር ሳህን ወጣ። ቬርናን ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ በሚያያት ጠረጴዛ አስቀመጧት። መድኃኒቱን ከወሰደች ስድስተኛ ቀኗ ነው፤ ከወሩ ሁሉ እጇ ደህና የሚሆነው በዚያ ሰሞን ነው። ሹካዋን በሁለት ጣትና በአውራ ጣቷ ይዛ፣ ሳታንቀጠቅጥ፣ ዶሮዋን ትበላለች። ጥፋቷም ይህ ሆነ።

«ኧረ ተመልከቷት» አለ ከኋላዋ ክሌም ዮስት፣ የመጋዝ ፋብሪካው ሠራተኛ፣ እንድትሰማው አድርጎ። «ከሚስቴ የተሻለ ትቆርጣለች። እኔንም መዥገር ቢነክሰኝ ሳይሻለኝ አይቀርም።»

«አንተን የነከሰ መዥገር ሰክሮ ነው የሚሞተው» አለችው ሚስቱ፤ ጠረጴዛው ሳቀ።

ዶይል መጥቶ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አለ። «ቀስ እያልሽ ብዪ። ሰው ያያል።»

«እርቦኛል።»

«ዱላሽስ?»

«መኪና ውስጥ ነው። ዛሬ አላስፈለገኝም።»

ዶይል ወጣ። ዱላውን ይዞ ተመለሰና ከመተላለፊያው በሚታይ በኩል ወንበሯ ላይ ሰቀለው።

ሮበርታ ስታል ሳህኗን ይዛ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ድንቹን አመሰገነች፤ ስለ ልጇ ሠርግ አወራች። ዓይኗ ግን መድረኩ ላይ ያለውን የገንዘብ ሣጥን ያይና ወደ ሳህኗ ይመለሳል። አንድ ጊዜ «ቬርና፣» ብላ ጀመረች፤ የፓይ ጨረታው ድምፅ ዋጣት። የመጋዝ ፋብሪካው ባለቤት አንድ የዱባ ፓይ በአራት መቶ ዶላር አሸነፈ። ሰው አጨበጨበለት። ፓይውንም አልበላውም፤ ለፎቶ አስይዘውት ቆይቶ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሄደ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሌሮይ መነጽሩን አድርጎ ወጣ። «ቲኬት፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ ሃያ ስድስት። ዕጣ፣ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና። ፓይ፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ። መግቢያው ላይ በጣሳ የገባ፣ ሃምሳ ስድስት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም። በድምሩ ስድስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም።» ቼኩን ከደረት ኪሱ አወጣ። ስሟ በትልልቅና በተስተካከለ ጽሑፍ ተጽፎበታል። የጋዜጣው ሰውዬ ካሜራውን አነሣ።

ቬርና ተነሣች። ዱላውን አልያዘችም። እስከ መድረኩ አሥራ አራት እርምጃ ነው።

«ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» አለች በድምፅ ማጉያው። «ዶሮውን ላበሰላችሁ፣ ፓይ ለጋገራችሁ። ይህን ገንዘብ ግን መቀበል አልችልም። ከተቀበልኩት የመንግሥት ካርዴ ይሰረዛል፤ በየወሩ የምወስደው መድኃኒት ዋጋው ከዚህ ይበልጣል። ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

የወጥ ቤቱ ሴቶች ሳህን ማጠባቸውን አቆሙ። ቬርና ፊቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ማየት ሥራዋ ነበር። አንዳንዱ አልገባውም። አብዛኛው ግን የገባው ሌላ ነገር ነው።

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ዶሮ ለማን ነው የታረደው?» አለ ክሌም።

«በወር ከዚህ የሚበልጥ ነው ያለችው?» አለ ሌላው። «ከእኛ ግብር ነዋ።»

«ሹካ አያያዟን ሳይ ጠርጥሬ ነበር» አለች አንዲት ሴት፣ ለባልዋ፣ በተራ ድምፅ።

ዶይል ማይኩን ከእጇ ወሰደ። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል። ለሌሮይ ሰጠው።

«አንቀጽ አራት» አለ ሌሮይ። «ገንዘቡ ለማኅበሩ ዕቃ መግዣ ይሆናል። ፓምፑ አርጅቷል፤ ፓምፕ እንገዛበታለን።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ለፓይውም ለእሷም እንዲህ አልተጨበጨበም። ሌሮይ በዚያ ጫጫታ መካከል ጎንበስ ብሎ ቼኩን ለአራት ቀደደውና ቁርጥራጩን ለመዝገብ ብሎ ፖስታ ውስጥ ጨመረው።

ፒክአፗ ጋ ስትደርስ ሮበርታ ኮቷን በደንብ ሳትለብስ ተከትላት መጣች።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አምና ጠይቄሽ ሁለት ወር አገድሽኝ።»

ሮበርታ ይህን አላስተባበለችም። «ስሚኝ። አንድ ሰው ሊያገኘው የሚችለውን ገንዘብ በገዛ ፈቃዱ ከተወው እንደተቀበለውና ለሌላ እንደሰጠው ነው የሚቆጠረው። መመሪያው ላይ የለም፤ እኛ ዘንድ ያለው ወፍራሙ ደንብ ላይ ነው ያለው። ሰዎች ገንዘባቸውን ለዘመድ እየሰጡ ካርድ እንዳይወስዱ ነው የወጣው።»

ቬርና የመኪናውን በር እጀታ እንደያዘች ቀረች። «ብቀበለውስ?»

«ቢያንስ ገንዘቡ ይኖርሽ ነበር።»

«ቀድሜ ጠይቄሽ ቢሆንስ?»

«ረቡዕ ብትጠይቂኝ ኖሮ ሁለት ወረቀት ነበር። በሌላ ሰው እጅ ያለ የአደራ ሒሳብ ይከፈትና ቼኩ ወደዚያ ይገባል፤ አይቆጠርም። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። የሌሮይ ደንብ እንኳ 'በተረጂው ስም' ነው የሚለው፤ አደራውም በስምሽ ይሆን ነበር።» ሮበርታ ኮቷን ቆለፈች። «እራት ላይ ልነግርሽ ነበር። ከዚያ በሰው ፊት ነው ብዬ ተውኩት።»

«አላየሁም ማለት አትችዪም?»

«ሦስት መቶ ሰው ሰማ። ጋዜጣም ላይ ይወጣል። ዝም ብል ደግሞ እኔ ሥራዬን አጣለሁ፣ ቬርና፤ ያኔ ካርድ የምለምነው እኔ እሆናለሁ።» እንደመቀለድ አለች፤ ቀልዱ ለሁለቱም አልሆነም።

ደብዳቤው በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ። ያለ በቂ ምክንያት ሀብት አሳልፋ ስለሰጠች ካርዱ ለዘጠኝ ወር ታግዷል። ቬርና ይግባኝ ጻፈች፤ በእጅ ጽሕፈቷ፣ አራት ገጽ፣ ያለ ስርዝ ድልዝ። ቀጠሮው ለመጋቢት ተሰጠ።

እስከዚያ ያለውን በመስክ ደብተሯ መዘገበችው። «ኅዳር 9፦ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አራት ደቂቃ። ኅዳር 26፦ የግራ ትንሿ ጣት አይሰማኝም። ታኅሣሥ 14፦ ቁልፍ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሹራብ ብቻ። ጥር 3፦ ጣሳ መክፈት ቀረ።» ከጥር አጋማሽ በኋላ ጽሕፈቱ ይንሸዋረራል፤ የካቲት ላይ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ባዶ ነው። ምግብ የምታመጣላት የዶይል ሚስት ነበረች። ሳህኑን በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ስትላት «ፓምፑ ደርሷል» ብቻ አለቻት አንድ ቀን።

በቀጠሮው ቀን ዶይል ራሱ መጣ። ከእራቱ ወዲህ አልተነጋገሩም። በሩን ከፍቶላት ቀበቶዋን አሰረላት፤ ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርሱ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ያኔ ተናድጄ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ሰው ብዙ አወራ። ማቆም ነበረብኝ። ሌሮይም ዕቃው ላይ የለጋሹን ስም የመጻፍ የቆየ ልማድ አለን አለ። እናም አንድ ነገር አሠራሁልሽ። ስትመለሺ አሳይሻለሁ።» ጆሮው እንደዚያ ቀን ቀላ፤ አሁን ግን በሌላ ምክንያት። «በገዛ እጄ ነው የሰቀልኩት።»

ይግባኝ የሚሰማው ሰው ወጣት ነው፤ ጨዋ፤ ወንበር ሳበላት። ሮበርታ ከጎኑ ፋይሉን ይዛ ተቀምጣለች። ቬርና ክርክሯን በቃሏ ነው ያዘጋጀችው። ገንዘቡ የእሷ ሆኖ አያውቅም። ቼኩን አልነካችውም፤ አልፈረመችበትም፤ በባንክ አልገባም። ያልያዘችውን ልትሰጥ አትችልም። በደንቡ መሠረት ገንዘቡ ለማኅበሩ የሆነው ማኅበሩ ራሱ በጻፈው አንቀጽ እንጂ በእሷ ስጦታ አይደለም። ሰውየው እየጻፈ ሰማት። አንድ ጊዜም ብዕሩን አስቀምጦ «ይህ ጥሩ ነጥብ ነው» አለ፤ ቬርና ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ሲላላ ተሰማት።

«አንድ ነገር ብቻ» አለና ከፋይሉ አንድ ፎቶግራፍ አውጥቶ በጣቱ ወደ እሷ ገፋው። ባለፈው ሳምንት ከወጣው ጋዜጣ የተቆረጠ ነው። አዲሱ ፓምፕ ይታያል፤ ጎኑ ላይ የናስ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከሰሌዳው አጠገብ ዶይል ቆሟል፣ ኮፍያውን አውልቆ።

«ያነቡልኛል?» አለ ሰውየው።

ሰሌዳው ወደ ግራ በጣት ያህል ዘንበል ብሏል። መጀመሪያ ያየችው ያንን ነው። ከዚያ አነበበች።

«ይህ ፓምፕ በቬርና ክራትዘር ልግስና ተገዛ።»

«የእርስዎ ካልነበረ እንዴት ሰጡት?»

ቬርና ሮበርታን አየቻት። ሮበርታ ፋይሉን ታያለች። ከበሩ ማዶ ዶይል በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከአንድ ዘበኛ ጋር ስለ አጋዘን አደን ሲያወራ ይሰማል፤ ሳቀ፤ ወንድሟን ሲስቅ ከሰማች ቆይታለች።

«ወንድሜ ነው ያጻፈው» አለች። «አላወቅኩም ነበር።»

«እረዳለሁ። ግን የተጻፈ ነገር ነው።» ሰውየው አንድ ቅጽ ሞላ፤ አዙሮ ፊቷ አስቀመጠው። እግዱ ጸንቷል። «ውሳኔው እንደደረሰዎ እዚህ ጋ ይፈርሙ። መስማማት ማለት አይደለም፤ መቀበልዎን ብቻ ነው። እዚህ ካልፈረሙ ወደ ላይኛው ይግባኝ መሄድ አይቻልም።»

ብዕሩን አነሣች፤ በአውራ ጣቷና በመዳፏ መካከል አጣብቃ። ወረቀቱ ላይ አስጠግታ «ቬ» የሚለውን ለመጀመር ሞከረች፤ ብዕሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሮበርታ አንሥታ ሰጠቻት። እንደገና ወደቀ። በሦስተኛው ሰውየው ራሱ አነሣው፤ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ በሩ ላይ የሚቀጥለው ባለጉዳይ ቆሟል። በትሕትና ቅጹን ወደ ራሱ ሳበና በፊርማዋ ቦታ ላይ በጥሩ ጽሕፈት ጻፈበት፦

«ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆነችም።»